ለፋሲካ አገር ቤት ልሂድ ወይስ ብር ልላክ?

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሉማሜ ልጅ ነኝ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ ነው። አዲስ አበባ ሥራ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሞላኝ። አገር ቤት ሳልሄድ ደግሞ አራት ፋሲካ አለፈ። ዘንድሮ እናቴ በየሳምንቱ እየደወለች «ዓይንህን ልየው» ትለኛለች። የእረፍት ቀናችን ዓርብ ስቅለት ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን እገባለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቢሮ መገኘት አለብኝ። ባለቤቴ «ለአንድ ሌሊት ብለህ ከምትንገላታ የትራንስፖርቱን ጨምረህ ብር ላክላቸው» ትላለች። እሷም እውነቷን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ወጥቼ እሁድ ብመለስ ምን ይመስልዎታል? ከሄድኩስ ምን ይዤ ልሂድ?

ግራ የገባው፣ ከገርጂ

መልስ

ልጄ፣ መሄዱን ሂድ። ቅዳሜ ወጥቶ እሁድ መመለሱን ግን ተወው። ከዚያስ የሚስትህ ሐሳብ ይሻላል።

ይህን የምልህ እኔው ራሴ አድርጌው ስላየሁት ነው። የቢቸና ልጅ ነኝ። አንድ ዓመት እንዳሰብከው ቅዳሜ ሹር ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። የዓባይን በረሃ ቁልቁል ስንወርድ የአውቶቡሱ ፍሬን ሸተተ። ሾፌሩ ዳር ያዘ፣ ረዳቱ ጎማ ሥር ድንጋይ ወሸቀ፣ እኛ ጥላ ፍለጋ ተበተንን። በጾም አፌ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቁጭ አልኩ። ደጀን ስንደርስ መሽቷል። ወደ ቢቸና የሚሄድ መኪና ጠፋ። በስንት ልመና አንድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጨናንቄ ቤት ስገባ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆነ። ቤቱ ጭር ብሏል። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። አንዲት የጎረቤት ልጅ ብቻ የዶሮውን ድስት እየጠበቀች ምድጃው ዳር ታንቀላፋለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ ከቅዳሴ ተመለሰች። ጾም ገደፍን። ተኛሁ። ስነቃ ረፋዱ ሦስት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሻንጣዬን አነሣሁ። እናቴ ምንም አላለችም። ጓዳ ገባች፣ አልወጣችም። እስከ መንገድ የሸኘኝ አባቴ ነው። ቆይቶ እህቴ እንደነገረችኝ እናቴ ፈረሰኛውን ለይታ በትንሽ ድስት አስቀምጣልኝ ኖሯል። ለሰኞ። ሰኞ የምኖር መስሏታል። የምሄድበትን ቀን ማን ነገራት?

ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ሳልነሣ በስልክ እናገራለሁ። «ሐሙስ እገባለሁ፣ ማክሰኞ ጠዋት እወጣለሁ።» መጀመሪያ «ምነው ሳትመጪ መሄጃሽን ቆጠርሽ?» ብላ ተቆጣች። በኋላ ግን ለመደችው። ቀኖቹን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ ታደርጋቸው ጀመር። ሰኞ ጠዋት ለአክስትሽ፣ ከሰዓት ለክርስትና እናትሽ፣ ማታ የኛ። ማክሰኞ ራሷ ሻሿን አሥራ መንገድ ድረስ ትሸኘኝ ነበር። አንተም ዛሬውኑ ደውል። የመግቢያህንም የመውጫህንም ቀን ንገራት።

አሁን «ፈቃድ ከየት አባቴ ላምጣ?» ትለኝ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሐሙስን፣ የቅዳሜዋን ግማሽ ቀን፣ ሰኞንና ማክሰኞን ውሰድ። ሁሉም ሰው ለበዓል ስለሚጠይቅ ግን አለቃህን የሰሞነ ሕማማት ዕለት አትቅረበው። ጾሙ ሳይጋመስ ጠይቅ።

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ውጣ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያንተ ሉማሜ ደግሞ ከዚያ ወዲህ። ሲያወሩት ቅርብ ነው፤ መሃል ላይ ግን ዓባይ አለ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና ዳገት እንደ ሜዳ መንገድ አይደለም። በሌሊት ሚኒባስ እንዳትወርደው፣ በሞቴ። ትኬትህን ቀደም ብለህ ቁረጥ፤ በበዓል ዋዜማ ታሪፍ የሚባል ነገር የለም። ከመነሣትህ በፊት ደግሞ ቤት ደውለህ «መኪና እየሄደ ነው ወይ?» በል። የአገሩን ሁኔታ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «ዘንድሮ ይቅርብህ» ካሉህ ይቅርብህ። ያን ጊዜ ብር መላክ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትደነግጥ። ሐሙስ ስትገባ እናትህ ላትስምህ ትችላለች። ሕማማት ነዋ! ከተማ ብዙ ቆይተህ ረስተኸው ይሆናል። የኔዋ ግቢው በር ላይ ቆማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አየችኝ። ከእግር እስከ ራሴ። ከዚያ «ከሳሽ» አለችኝና ጉልባን ልታቀርብልኝ ገባች። እሁድ ሌሊት፣ ቅዳሴው አልቆ ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሳንወጣ፣ የሦስቱን ቀን አንድ ላይ ሳመችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣ ሰው ይህን ሁሉ አያገኘውም። ዓርብ ስግደቱ አለ፤ ሲያበቃ ካህኑ ጀርባህን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ ያደርጉሃል። ቅዳሜ ጠዋት ቄጤማው ይታደላል፣ ራስህ ላይ ታሥራለህ። ከዚያ ሽንኩርት መክተፉ፣ ዶሮ መገንጠሉ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት እየቆጠሩ ማጠቡ አለ። እናትህ የአራት ዓመቱን ወሬ የምትነግርህ ያን ጊዜ ነው። ፋሲካ ዕለትማ ቤቱ እንግዳ ሞልቶ ማን ያዋራሃል?

ስለ ስጦታው ብዙ አልልም። ቡና ውሰድ፣ ሁለት ኪሎም ቢሆን፤ ደጋው ላይ ቡና በገንዘብ ነው። ስኳርና ዘይት ጨምር። ለአባትህ ባትሪ፣ ለእናትህ ነጠላ። ዝርዝር ብር ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ የጎረቤት ልጆች «እንኳን አደረሰህ» ብለው ሲመጡ መቶ ብር ለአራት ተካፈሉ አይባልም። ቶርታ እንዳትገዛ። አንድ ዘመዴ ይዞ ሄዶ ደጀን ሳይደርስ ክሬሙ ሻንጣው ውስጥ ያሉትን ሸሚዞች ሁሉ በላቸው።

ባለቤትህን ግን «አብረን እንሂድ» ብለሃታል? ደብዳቤህ ውስጥ አላየሁም። «ብር ላክ» ያለችው ምናልባት ስላልጠየቅካት ይሆናል።

አንድ ባዶ ማዳበሪያም አጥፈህ ሻንጣህ ሥር ክተት። ጤፍ ሳያሸክሙህ አይለቁህም። «ከባድ ነው፣ አዲስ አበባም ሞልቷል» እንዳትል፤ ተሸከም። ቤት ስትደርስ ደግሞ ዘርግፈህ አታፍስሰው፤ በእጅህ ቀስ ብለህ ፈልግ። የኔ እናት ጤፉ መሃል እንቁላል ቀብራ ትሰድልኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አንድም ተሰብሮ አያውቅም።