መልስ፦ ጨረሩ ሳይጀመር በየቀኑ ለምን ራጅ ያነሷታል?

ወንድሜ፣ እናትህን ለማኅፀን በር ካንሰር ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ አምጥተህ «ጨረሩ ሳይጀመር በየቀኑ ራጅ ያነሷታል፣ አይጎዳትም ወይ?» ላልከው፣ አትስጋ።

ምስሉ በሽታ ፍለጋ አይደለም። መጀመሪያ በሲቲ ስካን ከተሠራው ዕቅድ ጋር ያስተያዩታል። አጥንቷ በሚሊሜትር እንኳ ፈቀቅ ካለ አልጋውን ያስተካክላሉ። ማኅፀን ደግሞ እንደ አጥንት አይረጋም፤ የሽንት ፊኛ ሲሞላና ሲጎድል ቦታውን ይለቃል። «ውኃ ጠጪ፣ ሽንትሽን ያዢ» የሚሏት ለዚሁ ነው። የሕክምናው ጨረር በቀን ብዙውን ጊዜ 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ የምስሉ ግን በሚሊግሬይ፣ ማለትም በግሬይ ሺኛ፣ የሚቆጠር።

ቆዳዋ ላይ ያሰመሩት ምልክት እንዳይለቅ ተጠንቀቁ። መቼም የጎጃም እናት ጠበል አትቀርም፤ ከመጠመቋ በፊት ባለሙያዎቹን ትጠይቅ። ከደበዘዘም ራሳችሁ በእስክሪብቶ እንዳትደግሙት፣ ለእነሱ ንገሯቸው።