ካውንቲ ጄል ለገባው ወንድምሽ፦ ከቦንዱ በላይ የፍርዱ ወረቀት ያሳስብሽ

እህቴ፣ አይዞሽ። «ወንድሜ አትላንታ አጠገብ ከሱቅ ዕቃ ሰረቅክ ተብሎ ካውንቲ ጄል ገባ፣ ግሪን ካርድ አለው፣ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። የእህቴ ልጅ እዚሁ ጆርጂያ በተመሳሳይ ክስ አልፏል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስልኩ። ከጄል የሚደወል ስልክ ይቀዳል። አማርኛ ማን ይሰማል ብላችሁ እንዳታወሩ፤ አስተርጓሚ አያጡም። «በልተሃል? እንቅልፍ አገኘህ?» ይበቃል። ስለ ጉዳዩ ለጠበቃው ብቻ ይናገር።

ያለ ማዘዣ ከተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ሙሉ ቦንዱን (ለመፈታት የሚያዘውን የዋስትና ገንዘብ) በጥሬ ገንዘብ ካስያዛችሁና ከቀጠሮ ካልቀረ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። በክፍያ ዋስ የሚሆነው ቦንድስማን ግን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይወስዳል፣ እሱ አይመለስም። እኛ የእህቴ እቁብ ደርሷት ስለነበር ሙሉውን ከፈልን። ይህን የምታነቡና የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ዘመድ የተያዘባችሁ ካላችሁ ግን ቦንድ ከመክፈላችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የሌከን ራይሊ ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው በስርቆት መከሰሱ ብቻ ኢሚግሬሽን እስር ቤት ያስገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጆርጂያ ውስጥ ከ500 ዶላር ያልበለጠ የሱቅ ስርቆት ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ነው፤ ጣሪያው 12 ወር እስርና 1,000 ዶላር ቅጣት። የእህቴ ልጅ የፍርድ ቀን፣ ፐብሊክ ዲፌንደሩ (መንግሥት የመደበለት ጠበቃ) አንድ ወረቀት ይዞ ኮሪደር ላይ መጣ። «12 ወር፣ ግን በገደብ፤ አንድ ቀንም አይታሰርም» አለ። እህቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ልጁም እስክሪብቶውን ተቀብሏል።

ችግሩ ያ «12» ነው። ኢሚግሬሽን የሚያየው የታሰርክበትን ቀን ሳይሆን የተፈረደብህን ነው፣ በገደብ ቢሆንም። በስርቆት 1 ዓመት እስር ከተፈረደ ግሪን ካርድ ላለውም ከአገር የሚያስባርር ከባድ ወንጀል ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። አሥር ቀን ጄል ገብቶ የወጣው ደህና ሲሆን፣ ቤቱ ያደረው ሊባረር ይችላል። ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፣ ግን እንዲህ ነው።

እኛ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቀድመን አማክረን ነበር። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፋልናለች። ዲፌንደሩ አነበበው፣ ተመልሶ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ገባ፣ 12ቱ 6 ሆኖ ወጣ። ያው ገደብ፣ ያው የማኅበረሰብ አገልግሎት። ለዐቃቤ ሕጉ ምኑም አይደለም፤ ለልጁ ግን ሕይወቱ ነው። እና እንዳታፍሪ፣ ጠይቂ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በፓዲያ ጉዳይ፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ከአገር የሚያስባርር ከሆነ የወንጀል ጠበቃው ይህን የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል።

ሌላው ወጥመድ «ፈርስት ኦፌንደር» የሚሉት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ላጠፋ ሰው የሚሰጥ ዕድል ነው። ስሙ ደስ ይላል፤ ጨርሰህ ስትወጣ በጆርጂያ ሕግ አልተፈረደብህም። ነገር ግን መጀመሪያ ጥፋተኛ ነኝ ስለምትል ለኢሚግሬሽን ፍርድ ነው። የሚሻለው ጥፋተኛ ነኝ ሳይባል የሚገባበት ዳይቨርዥን ነው፤ የታዘዘውን ፕሮግራም ስትጨርስ ክሱ የሚዘጋበት መንገድ ማለት ነው። ለእኛ ልጅ አልተፈቀደም፤ እናንተ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ወንድምሽ ግሪን ካርዱን ካገኘ 5 ዓመት ካልሞላውማ የበለጠ ተጠንቀቂ፤ አንድ የስርቆት ፍርድ፣ ወሩ ቢያንስም፣ ሊያስባርረው ይችላል።

አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣል፤ እንግሊዝኛ ቢችልም ይጠይቅ። ቤተሰብ እንዳያስተረጉም። ጉዳዩ እስኪዘጋ፣ ከተዘጋም በኋላ ጠበቃ ሳያማክር ከአገር አይውጣ፤ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ነው የሚያዘው። ሲያልቅ ደግሞ ከክለርኩ (ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ማኅተም ያለበት የፍርድ ኮፒ ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ውሰዱ። ዜግነት ሲያመለክት መታሰሩን ይጠየቃል፣ ሪከርዱ ቢዘጋም መናገር አለበት።