መልስ፦ ሞራና የአንጀት የውስጥ ሽፋን አንድ ናቸው?

ወንድሜ፣ ለፋሲካ በጉ ሲገፈፍ ያየኸው ሞራና የአንጀቱ የውስጥ ሽፋን አንድ ናቸው ወይ ላልከው፣ አይደሉም። እኔም የቡሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ በግ ሲገፍፉ እግር የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ሞራ የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ገለፈት እጥፋት ነው፤ ስብ ይዟል። ሞራ ገላጮቻችን የሚያነቡት ይህንኑ ነው! ገለፈቱን ከላይ የሚያለብሰው አንድ ረድፍ ጠፍጣፋ ሴል ብቻ ነው። ቀጭን ፈሳሽ ስለሚያመነጭ አንጀት ከአንጀት ሳይፋተግ ይንሸራተታል። እጅህ ላይ ሙልጭ የሚልብህ ለዚህ ነው።

የአንጀቱ ውስጥ ሌላ ነው። እዚያም ሴሎቹ አንድ ረድፍ ናቸው፣ ግን ቁመታሞች፤ በመሃላቸው ዝልግልግ የሚያመነጩ አሉ። በ3 እስከ 5 ቀን ይታደሳሉ።

የአፍህ ውስጥ ደግሞ እንደ እንጀራ የተደራረበ ነው። ቆሎ ይፍቀዋላ!