የሊንከን ደብዳቤና በመሳቢያ የቆየው ረቂቅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ሰው የሚጠይቁ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርቤአቸዋለሁ። ሰውየው 16ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ነው። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤናዎን ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ሰሞኑን ከትምህርት ቤት መጥታ "ሊንከን ባሪያዎችን ነፃ ያወጣው ከልቡ አይደለም፤ አንድም ባሪያ ነፃ ሳላወጣ አገሪቱን ማዳን ብችል አደርገው ነበር ብሎ ጽፏል" አለችኝ። እኔ በልጅነቴ የተማርኩት የጥቁሮች ነፃ አውጪ መሆኑን ነው። ማናችን ነን ትክክል?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ልጅዎ የጠቀሰችው ቃል የሊንከን የራሱ ቃል ነው። ታሪክ ሳስተምር ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የነበረው ግን ተማሪ አንዱን ዓረፍተ ነገር ይዞ ቀጥሎ ያለውን ሳያነብ መቅረቱ ነበር። በዚህ ደብዳቤ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ሆራስ ግሪሊ የሚባል የኒውዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ አዘጋጅ በኦገስት 1862 ለፕሬዚዳንቱ ግልጽ ደብዳቤ አሳተመ። ባርነት የተፈቀደባቸው የደቡብ ግዛቶች ከአገሪቱ ኅብረት ተገንጥለው የእርስ በርስ ጦርነቱ ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግሪሊ «የዐመፁ ሥር ባርነት ሆኖ ሳለ ባርነትን መንካት ለምን ትፈራለህ?» የሚል ብርቱ ወቀሳ አቀረበ። ሊንከን በወሩ 22ኛ ቀን መለሰለት። ዋናው ዓላማዬ የአገሪቱን አንድነት ማዳን ነው፤ አንድም ባሪያ ነፃ ሳላወጣ ማዳን ብችል አደርገው ነበር፤ ሁሉንም ነፃ አውጥቼ ማዳን ብችል አደርገው ነበር፤ ከፊሉን ነፃ አውጥቼ ከፊሉን ትቼ ማዳን ብችል ያንንም አደርግ ነበር አለ። ልጅዎ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ደብዳቤው የሚያበቃው ደግሞ ይህ የሥልጣን ግዴታዬን የማይበት መንገድ ነው፤ ሰው ሁሉ በየትም ቦታ ነፃ እንዲሆን ደጋግሜ የተናገርኩትን የግል ምኞቴን ግን አልለውጥም በሚል ቃል ነው።

ዋናው ነገር ግን በደብዳቤው ውስጥ አልተጻፈም። ልክ ከአንድ ወር በፊት፣ ጁላይ 22፣ ሊንከን ሚኒስትሮቹን ሰብስቦ የነፃነት አዋጁን ረቂቅ አንብቦላቸው ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊልያም ሲዋርድ አዋጁን ባይቃወምም ጊዜውን አልወደደውም። ጦራችን በተገንጣዮቹ ዋና ከተማ በሪችመንድ ዙሪያ ተሸንፎ ባፈገፈገበት ሰዓት ይህ ቢወጣ የጭንቅ ጩኸት ይመስላል፤ ድል እስክናገኝ ይቆይ አለ። ሊንከን ምክሩን ተቀብሎ ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ለግሪሊ «ሁሉንም ነፃ አውጥቼ ማዳን ብችል» ብሎ ሲጽፍ፣ ያንን የሚያደርገው ወረቀት ተጽፎ አልቆ ነበር። ስለዚህ እኔ ያንን ደብዳቤ የማነበው የሚመጣውን አስቀድሞ እንደሚያለዝብ ሰው ቃል ነው። በሰሜኑ ክፍል ለአገር አንድነት ልጁን የሰጠ፣ ለጥቁሮች ነፃነት ግን ጥይት መተኮስ የማይፈልግ ብዙ ሕዝብ ነበር። አዋጁ ሲወጣ ይህ ሕዝብ «ይህ ለአንድነቱ ሲባል የተደረገ ነው» ብሎ እንዲቀበለው መንገድ እየጠረገ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ተጠነቀቀ ቢሉኝ፣ መልሱ እርስዎ ከሚኖሩበት ግዛት ይጀምራል። ሜሪላንድ ያን ጊዜ ባርነት በሕግ የተፈቀደባት ነበረች። ኬንታኪ፣ ሚዙሪና ደላዌርም እንዲሁ። አራቱም ግን ከኅብረቱ አልተገነጠሉም። በዋሽንግተን አንድ ወገን ያለችው ቨርጂኒያ ተገንጥላለች፤ ሜሪላንድ ብትከተላት ዋና ከተማዋ በጠላት መሬት ተከብባ ትቀር ነበር። ሊንከን በ1861 ለአንድ ወዳጁ ኬንታኪን ማጣት መላውን ጨዋታ ከማጣት አይተናነስም ሲል ጽፏል። በዚያው ዓመት ጄኔራል ፍሬሞንት በሚዙሪ የዐመፀኞቹን ባሪያዎች ነፃ አውጥቻለሁ ብሎ ቢያውጅ ሊንከን ሻረው፤ በዚህም የባርነት ተቃዋሚዎች አዘኑበት። ሁለተኛው ምክንያት ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በሰላም ጊዜ ፕሬዚዳንቱ በየግዛቱ ያለውን ባርነት እንዲነካ ሥልጣን አይሰጠውም ብሎ ያምን ነበር። የቀረው አንድ በር እንደ ጦር አዛዥነቱ ለጦርነቱ አስፈላጊ የሆነውን ማድረግ ነበር። የአዋጁ ቋንቋ እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት ደረቅ የሆነውም፣ የሚመለከተውም በዐመፅ ላይ ያሉትን አካባቢዎች ብቻ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው። የሜሪላንድ ባሪያዎች ነፃ የወጡት በአዋጁ ሳይሆን ግዛቷ በ1864 ባወጣችው አዲስ ሕገ መንግሥት ነው።

ሲጠበቅ የነበረው ድል ሴፕቴምበር 17 ቀን 1862 እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ በአንቲታም ተገኘ። ድል ከተባለ ነው፤ በአንድ ቀን ከሁለቱም ወገን 23,000 ያህል ሰው ሞቷል፣ ቆስሏል ወይም ጠፍቷል። በአምስተኛው ቀን ሊንከን፣ ዐመፀኞቹ እስከ አዲሱ ዓመት ወደ ኅብረቱ ካልተመለሱ ባሪያዎቻቸው ነፃ ይወጣሉ የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ አዋጁም ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ጸና። በዚያ ዕለት ሊንከን ለአዲስ ዓመት የመጣውን ሕዝብ ለሰዓታት ሲጨብጥ ውሎ እጁ ደንዝዞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብዕሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ፊርማዬ ከተንቀጠቀጠ ሰዎች አመንትቶ ነበር ይላሉ፤ እኔ ግን በሕይወቴ ትክክለኛ ነገር እየሠራሁ እንደሆነ እንደ አሁኑ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሙሉ ስሙን ጻፈ።

ልጅዎ ግን ጥርጣሬዋን ሙሉ በሙሉ እንድትተው አልፈልግም። ሊንከን በ1858 ለሴኔት ምርጫ ተቀናቃኙ ከነበረው ከስቲፈን ዳግላስ ጋር ባደረገው ክርክር በነጭና በጥቁር መካከል ማኅበራዊና ፖለቲካዊ እኩልነት እንዲኖር አልደግፍም ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ለግሪሊ ከመጻፉ ጥቂት ቀናት በፊት የጥቁር ሽማግሌዎችን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠርቶ ከተወለዱበት አገር ወጥተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ መክሯቸዋል። ይህ ምክር ወደ ተግባር ተለውጦ በ1863 ወደ 450 የሚሆኑ ሰዎች ከሄይቲ አጠገብ ባለች ደሴት ሰፈሩ፤ በበሽታና በረኃብ በርካቶች ሞቱ፤ የተረፉትም በማግስቱ ዓመት በመርከብ ተመለሱ። ይህን ሸፍኖ ሊንከንን ማወደስ ለእኔ ታሪክ ማስተማር አይደለም።

ደግሞም ባሪያዎቹ ነፃ እስኪያወጧቸው ቁጭ ብለው የጠበቁ አይደሉም። ገና በሜይ 1861 ሦስት ሰዎች፣ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሴንድ፣ በሌሊት በጀልባ ቀዝፈው በቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሞንሮ ምሽግ ገቡ። ጌታቸው የላከው መኮንን መልሱልን ሲል የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር አልመልስም አለ። ወሬው ተሰማ፤ በመቶ፣ ከዚያም በሺህ የሚቆጠሩ ተከተሏቸው። ነገሩን ከሊንከን ጠረጴዛ ላይ ያደረሱት በእግራቸው ያመለጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በኋላም ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁሮች በኅብረቱ ጦር ውስጥ ተሰለፉ። መጀመሪያ ላይ ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው ለእነርሱ 10 ዶላር ተመድቦ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥ ነበር። ከባርነት ያመለጠው ታላቁ ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1863 ይህንኑ ለሊንከን ፊት ለፊት ነገረው። ደመወዙ የተስተካከለው በ1864 ነው።

ለልጅዎ አንድ ማስረጃ ብቻ ስጥ ብባል የምሰጣት የኦገስት 1864ን ነው። ጦርነቱ ሰዉን አሰልችቶታል፤ ምርጫ ደርሷል፤ የገዛ ፓርቲው ሰዎች ሳይቀሩ «የነፃነቱን ጉዳይ ብትተወው ሰላም ይወርዳል» ይሉት ነበር። በወሩ 23ኛ ቀን ሊንከን ምርጫውን እንደሚሸነፍ በጽሑፍ አስፍሮ፣ ወረቀቱን አጥፎ፣ ሚኒስትሮቹ ሳያነቡት ጀርባው ላይ አስፈረማቸው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ለጠያቂዎቹ፣ ለእኛ የተዋጉትን ጥቁር ወታደሮች ወደ ባርነት ብመልስ በዚህም በወዲያኛውም ዓለም የተኮነንኩ እሆናለሁ አላቸው። ለሥልጣን ብቻ የሚያስብ ሰው በዚያ ሰዓት ነፃነቱን ይሸጠው ነበር። ከተገንጣዮቹ ዋና ዋና ከተሞች አንዷ የሆነችው አትላንታ በሴፕቴምበር መጀመሪያ በኅብረቱ ጦር ተያዘች፣ ሊንከንም አሸነፈ። ከዚያም ባርነትን በመላ አገሪቱ የሚሽረውን 13ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አባላቱን አንድ በአንድ እያስለመነ በጃንዋሪ 31 ቀን 1865 በ119 ለ56 ድምፅ በተወካዮች ምክር ቤት አሳለፈው። ኤፕሪል 11 ባደረገው የመጨረሻ ንግግሩ ቢያንስ ለተማሩትና ለዘመቱት ጥቁሮች የመምረጥ መብት እንዲሰጥ ጠየቀ። ከሰሚዎቹ መካከል የነበረው ተዋናይ ጆን ዊልክስ ቡዝ ከሦስት ቀን በኋላ ገደለው። የ1858ቱና የ1865ቱ ሊንከን አንድ ሰው ናቸው ብለው ለልጅዎ ይንገሯት፤ በመካከላቸው ግን እነዚያ ወታደሮች አሉ።

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሊንከን ወታደር ካልነበረ ያን ትልቅ ጦርነት እንዴት መራው?»

መልስ፦ ልጄ፣ በ1832 በአንድ ዘመቻ ለጥቂት ሳምንታት የበጎ ፈቃደኞች ሻምበል ከመሆኑ በቀር ውጊያ አላየም። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላ የጦር ስልት መጻሕፍትን ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ አነበበ። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ በጦር ሚኒስቴሩ ወደሚገኘው የቴሌግራፍ ክፍል እየሄደም፣ አንዳንዴ እዚያው እያደረ፣ ከግንባር የሚመጣውን ወሬ ይከታተል ነበር።

ትልቁ ችግሩ ጄኔራሎቹ ነበሩ። ማክሌላን ጦር ማደራጀት የሚችል፣ መዋጋት ግን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሊንከን ታግሦ ታግሦ በኖቬምበር 1862 አነሣው። ይኸው ማክሌላን በ1864 ምርጫ ተቀናቃኙ ሆኖ ቀረበ። ሁከር የሚባለው ደግሞ አገሪቱ አምባገነን ያስፈልጋታል ማለቱ ተሰማ። ሊንከን አዛዥነቱን ሰጠውና እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ አምባገነን መሆን የሚችሉት ድል ያገኙ ጄኔራሎች ብቻ ናቸው፤ እኔ ከአንተ የምፈልገው ድሉን ነው፤ አምባገነንነቱን እኔ እደፍረዋለሁ። ሁከር በቻንስለርስቪል ተሸነፈ።

ስለ አመራር አንድ ነገር ከዚህ ሰው ልማር የምትል ከሆነ ግን ጁላይ 14 ቀን 1863 የጻፈውን ደብዳቤ ልብ በል። ጄኔራል ሚድ በጌቲስበርግ የተገንጣዮቹን ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮበርት ሊን አሸንፎታል፤ ነገር ግን የተሸነፈው ጦር የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ እስኪያመልጥ ድረስ ሳያጠቃው ቀረ። ሊንከን ጦርነቱ እዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር ብሎ ስላመነ እጅግ ተቆጣ። ወርቃማው ዕድልህ አምልጦሃል፤ በዚህም ከመጠን በላይ አዝኛለሁ ብሎ ጻፈ። ከዚያም ደብዳቤውን በፖስታው ከተተና ላዩ ላይ ለጄኔራል ሚድ፣ ያልተላከና ያልተፈረመ ብሎ አስቀመጠው። ሚድ ሥራውን ቀጠለ። በማርች 1864 የመላው ጦር አዛዥ ሆኖ የተሾመው ግራንት ነው፤ ሊ እጁን የሰጠውም ለእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ትምህርት ቤት የገባው ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው መባሉ እውነት ነውን?»

መልስ፦ እውነት ነው፤ ያም ቢሆን እየተቆራረጠ ነው። በ1809 በኬንታኪ በግንድ ጎጆ ተወለደ፤ በዘጠኝ ዓመቱ እናቱ ሞተችበት። እንጀራ እናቱ ሣራ ግን ማንበቡን ታበረታታው ነበር። ሕግንም ያጠናው ከሰው በተዋሳቸው መጻሕፍት ለብቻው ነው።

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ልጆቼን ከትልቁ ሐውልት ሌላ የት ልውሰዳቸው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሥራህ በየቀኑ የምታልፍባቸው ቦታዎች አሉ። በሰሜን ምዕራብ ዋሽንግተን፣ በጡረተኛ ወታደሮች መኖሪያ ግቢ ውስጥ የሊንከን የበጋ ቤት ይገኛል፤ ከ2008 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው። ልጁ ዊሊ በፌብሩዋሪ 1862 ከሞተበት በኋላ በጋውን እዚያ ማሳለፍ ጀመረ፤ የአዋጁንም ሐሳብ በዚያ በጋ እዚያ ሆኖ ሠርቶበታል። ጠዋት ጠዋት አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በፈረስ ተጉዞ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ስትመጣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከ9ኛው መንገድና ከዩ ስትሪት ብዙም ሳይርቅ፣ በ12ኛው መንገድና በቬርሞንት ጎዳና አካባቢ፣ ከ1862 እስከ 1863 ካምፕ ባርከር የሚባል መጠለያ ነበር። ከባርነት አምልጠው የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያረፉበት ነው፤ ዛሬ በቦታው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ልጆችህን እዚህ ሳታሳይ አትለፍ። ቀጥሎ በ10ኛው መንገድ የተተኮሰበት የፎርድ ቲያትር አለ፤ ኤፕሪል 15 ቀን 1865 ጠዋት ያረፈበት ቤት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ስለነበረ አልጋው አጥሮት በሰያፍ ነበር ያስተኙት። ሁለቱንም በአንድ ትኬት መጎብኘት ይቻላል፤ በፀደይ ወራት የተማሪ ጉብኝት ስለሚበዛ ግን ቀደም ብለህ ቦታ አስይዝ።