ካርቶኑ ደርሷል፣ ሕፃናቱስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በዓለም አቀፍ የልማት ድርጅቶች ውስጥ የሥርዓተ ምግብ ፕሮግራም ከሚያስተባብሩ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የዓመቱን የአልሚ ምግብ ግዢ ዕቅድ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ፤ ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው። የዳሰሳ ጥናቱ ከሕፃናቱ 2 በመቶው ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት አለባቸው ይላል። ይህን በሕፃናቱ ቁጥር ባባዛው አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ጥናቱ የቆጠረው መረጃው በተሰበሰበባቸው ቀናት ታመው የተገኙትን ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የሚታመሙት እዚያ ውስጥ የሉም። ለዚህ ሲባል ለዓመት ዕቅድ 2.6 የሚባለው ማባዣ በብዙ ቦታ ይሠራበታል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ። 100,000 ሕዝብ ባለበት አካባቢ ከ6 እስከ 59 ወር ያሉት ሕፃናት 18 በመቶ ናቸው እንበል፤ 18,000 ይሆናሉ። 2 በመቶው 360 ነው። በ2.6 ሲባዛ 936 ይመጣል። ፕሮግራሙ ከእነዚህ ግማሹን ይደርሳል ብለው ካሰቡ 468 ሕፃናት። መጠባበቂያ 10 በመቶ ሲጨመር 515 አካባቢ።

አሁን ወደ ካርቶኑ። ብዙዎች በፋብሪካ ስሙ ፕላምፒነት የሚሉት ዝግጁ አልሚ ምግብ አንዱ ፓኬት 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በካርቶን 150 ፓኬት አለ። 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በኪሎ 170 ኪሎ ካሎሪ ሲታሰብለት በቀን 2 ፓኬት፣ በሳምንት 14፣ በ8 ሳምንት 112 ይወስዳል። ክብደቱ ከፍ ያለው ከዚህ በላይ ስለሚበላ በአማካይ ለአንድ ሕፃን አንድ ካርቶን ብሎ ማቀድ የተለመደ ነው። እንግዲህ 515 ካርቶን ማለት ያለ ማሸጊያው ክብደት ወደ 7.1 ቶን ነው። መጋዘንና መኪና የሚጠየቀው በዚህ ልክ ነው።

ዕቅዱ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የሽፋን ግምቱ ነው። ሁሉንም እንደርሳለን ብሎ ያዘዘ ሰው የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ካርቶን ይታቀፋል፤ የዕቃው ዕድሜ ከተመረተበት ቀን ጀምሮ 24 ወር ሲሆን ከዚያ ላይ ብዙው በጉዞ ያልቃል። ዝቅ አድርጎ ያዘዘው ደግሞ አንድ የተሳካ የልየታ ዘመቻ በተካሄደ ማግስት መጋዘኑ ባዶ ይሆንበታል። ሁለተኛው ዓመቱን ለ12 እኩል መክፈል ነው። ሕመሙ ወቅት አለው። ያለፉትን ሁለት ሦስት ዓመታት የቅበላ መዝገብ በወር በወር አውጥተው ትዕዛዙን በዚያ ቅርጽ ይቀንሱት፣ ይጨምሩት፤ መንገድ የሚዘጋበት ወቅት ካለም ዕቃው ከዚያ በፊት ጣቢያው ይግባ። ማባዣው 2.6 ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ የራስዎ መዝገብ ሌላ ነገር ካሳየ መዝገቡን ይመኑ።

ዕቃው ሲያጥር በየጣቢያው የሚደረግ አንድ ነገርም አለ፤ «ለሁሉም ይድረስ» ተብሎ ከእያንዳንዱ ሕፃን ድርሻ ይቀነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው መመሪያ መጠኑን በኪሎ ወደ 100–130 ኪሎ ካሎሪ ዝቅ ማድረግን የሚፈቅደው ሕፃኑ ከከፍተኛው ደረጃ ከወጣ በኋላ ነው። ገና በከፍተኛው ደረጃ ላይ ካለ ሕፃን ከ150–185 በታች ማውረድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያውም ካርዱ ላይ ሙሉ መጠን ተጽፎ ስለሚቆይ ማንም አያውቀውም።

ጥያቄ፦ በሩብ ዓመቱ ሪፖርታችን የማገገም መጠኑ 97 በመቶ ሆነ። ለጋሹ አመሰገነን፣ የበላይ ኃላፊዬ ግን መዝገቦቹን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ምናልባት ምንም አላጠፋችሁም። ኃላፊዎ ግን ሥራቸውን ያውቃሉ። በስፊር (የሰብዓዊ እርዳታ ሥራ የጋራ መመዘኛዎች) ዝቅተኛ መለኪያ መሠረት ከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረትን የሚያክም ፕሮግራም የሚያገግሙት ከ75 በመቶ በላይ፣ የሚሞቱት ከ10 በታች፣ አቋርጠው የሚጠፉት ከ15 በታች መሆን አለባቸው። 97 ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከስንቱ 97 ነው የሚለው ነው።

መዝገቡን ሲከፍቱ የሚያገኙት ይህን ሊመስል ይችላል። በሩብ ዓመቱ 100 ሕፃናት ተቀበላችሁ። 68 አገገሙ፣ 2 ሞቱ። ሪፖርቱ የወጡትን 70 ብሎ ይቆጥርና 68ን ለ70 ሲያካፍል 97 በመቶ ያገኛል። የቀሩት 30 «በሕክምና ላይ» ተብለዋል። ካርዶቻቸውን አንድ በአንድ ሲያዩ 8ቱ ባለፈው ሳምንት መጥተዋል። 22ቱ ግን ከታዩ ከአንድ ወር በላይ ሆኗቸዋል፤ የመውጫው ዓምድ ባዶ ነው። በመመሪያው ሁለት ተከታታይ ቀጠሮ ያለፈው (በአንዳንዱ አገር ሦስት ነው) አቋርጧል ተብሎ መዘጋት ነበረበት። ሲዘጉ የወጡት 92 ይሆናሉ። ያገገሙት 74 በመቶ፣ ያቋረጡት 24 በመቶ። ሕፃናቱ እነዚያው ናቸው፤ ፕሮግራሙ ግን ሁለቱንም መለኪያ ወድቋል።

ይህ ካልሆነ የክንድ ዙሪያውን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ያንብቡት። ለመውጣት 125 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በእውነት የተለካ ክንድ 126፣ 129፣ 125፣ 131 እያለ ይበታተናል። ገጹ 125፣ 125፣ 125 እያለ የሚወርድ ከሆነ መለኪያው የሚነበበው ከመመሪያው ላይ ነው። የቆይታውንም አማካይ ያስሉ፤ ሦስት ሳምንት ከሆነ ሲገቡም ያን ያህል ያልታመሙ ሕፃናት ሳይኖሩበት አይቀርም። ወደ ማረጋጊያ ማዕከል (ሕመሙ የተወሳሰበበት ሕፃን ተኝቶ ወደሚታከምበት) የተላለፈ ሕፃን እንደ መውጫ ተቆጥሮ ሲመለስ እንደ አዲስ ቅበላ የሚመዘገብበት ጣቢያም አለ፤ አንዱ ሕፃን ሁለት ይሆናል።

የማገገም መጠን ስለመጡት ብቻ ነው የሚናገረው። ያልመጡትን የሚነግርዎ የሽፋን ጥናት ነው፤ የስፊር መለኪያ በገጠር ከ50፣ በከተማ ከ70፣ በመጠለያ ከ90 በመቶ በላይ ይጠብቃል።

እባክዎ ነርሷን አይቆጡ። ቁጡ ጉብኝት የሚያመጣው ይበልጥ ያማረ መዝገብ ነው። ያቋረጡትን 22 ሕፃናት ቤት ለቤት አፈላልጓቸው፤ ሁሉንም ባይሆን አሥሩን። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሕክምናው ውጭ ነው፦ መንገዱ ይርቃል፣ የአገልግሎቱ ቀን ከገበያ ቀን ጋር ይጋጫል፣ ወይም እናትየው ሁለት ጊዜ መጥታ «ዕቃ የለም» ተብላ ተመልሳለች። ቀጠሮውን በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ ብቻውን የሚመልሳቸው እናቶች አሉ።

ጥያቄ፦ በጎ ፈቃደኞቻችን በባለቀለሙ የክንድ መለኪያ «ቀይ» ብለው የላኩትን ሕፃን ጤና ጣቢያው «ቢጫ» ብሎ ይመልሰዋል። እናቶቹ ተሰላችተው መምጣት እያቆሙ ነው። ማንኛው ወገን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ እኩል ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ስለዚህ አጠገባቸው ቆመው ይዩ። ልኬቱ በግራ ክንድ ነው። ክርኑ በቀጥታ ማዕዘን ይታጠፍና የትከሻው ጫፍና የክርኑ ጫፍ መካከል ተለክቶ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ክንዱ ይዘረጋል፤ ልቅ ብሎ ሲንጠለጠል መለኪያው ምልክቱ ላይ ይጠመጠማል። ቆዳውን ሰርስሮ ካጨማደደ ጠብቋል፣ ከሥሩ ክፍተት ከታየ ላልቷል። በጎ ፈቃደኛ ላይ የሚበዛው ማጥበቅ ነው፤ ሕፃኑ ይረዳ ከሚል ቅንነትም ይመጣል። ጤና ጣቢያ ላይ የሚበዛው ደግሞ በችኮላ በልብስ ላይ መለካትና ተጨማዶ የቆየ መለኪያ ነው። ከ115 ሚሊ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ልክ 115 ቢጫ ነው። ወሰኑ ላይ ያለ ሕፃን በሁለት ሚሊ ሜትር ስህተት ቀለም ይቀይራል።

ሁለቱን ወገን አንድ ቀን ሰብስበው 10 ሕፃናትን እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካ፤ የመጀመሪያውን ንባብ ሳያይ። ከራሱ ልኬት ጋር የሚጣላው ማን እንደሆነ በአንድ ጠዋት ይታወቃል።

ልኬቱ ትክክል ሆኖም ጠቡ ከቀጠለ ችግሩ መስፈርቱ ላይ ነው። ጣቢያው የሚቀበለው በክብደት ለቁመት ብቻ ሊሆን ይችላል። የክንድ ዙሪያና ክብደት ለቁመት የሚያገኟቸው ሕፃናት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ስለዚህ አንዱ ብቻውን ለመቀበል ይበቃል። በሁለቱም እግሮች የታየ እብጠትም እንዲሁ፤ አውራ ጣትን በሁለቱም እግር ጀርባ ላይ ለ3 ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ጎድጉዶ ከቀረ ክንዱ አረንጓዴ ቢሆንም ሕፃኑ ይገባል። የተመለሰችውን እናት ደግሞ ባዶ እጇን አይሸኟት፤ ልኬቱ ተጽፎ፣ ለምን እንዳልገባ ተነግሯት፣ የሚቀጥለው ቀን ተቆርጦላት ትሂድ። መለኪያውን ለራሷ ሰጥቶ ማሠልጠንም ይቻላል፤ በብዙ ቦታ ተሠርቶበታል።

ጥያቄ፦ ከፍተኛውን እጥረት የምናክመው እኛ ነን፣ መካከለኛውን ሌላ ድርጅት። በየወሩ እንሰበሰባለን፤ ሕፃናት ግን በመካከላችን ይጠፋሉ።

መልስ፦ ይህ ክፍተት የተፈጠረው እናንተ ዘንድ አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ክፍፍል የከፍተኛው አቅርቦት በዩኒሴፍ፣ የመካከለኛው በዓለም የምግብ ፕሮግራም በኩል ይመጣል፤ ሪፖርቱም መጋዘኑም ለየብቻ ነው። ስብሰባ አይሞላውም፤ የማስተላለፊያ ወረቀት ይሞላዋል። በሦስት ቅጂ ይታተም፦ አንዱ ላኪው ጋ ይቀራል፣ አንዱን እናትየው ትይዛለች፣ ሦስተኛውን ተቀባዩ ፈርሞ ይመልሳል። በወሩ መጨረሻ ላኪው 40 ላክሁ ሲል ተቀባዩ 26 ደረሱኝ ካለ፣ ስብሰባው የሚነጋገረው ስለ 14ቱ ሕፃናት ነው፤ በስም።

ማን፣ ምን፣ የት ይሠራል የሚለውን ሰንጠረዥም እስከ ጣቢያ ያውርዱት፤ የአገልግሎቱ ቀንና ዕቃው እስከ መቼ እንደሚበቃ ይጨመርበት። የእናንተ ቀን ሰኞ፣ የእነሱ ሐሙስ ከሆነ ሁለት ልጆች በሁለቱ ፕሮግራሞች ያሏት እናት በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። አንዱን ታቆማለች።

ጥያቄ፦ አንድ በጎ አድራጊ ብዙ የዱቄት ወተትና ጡጦ ሊሰጠን ይፈልጋል። እንቀበል?

መልስ፦ አይቀበሉ። የዓለም የጤና ጉባኤ በ1981 ያጸደቀው የእናት ጡት ወተት ምትክ ምርቶች የሽያጭ ደንብና ከዚያ ወዲህ የወጡት የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያዎች እንዲህ ያለውን ልገሳ ይከለክላሉ። ንጹሕ ውኃና ነዳጅ በሌለበት ጡጦ ተቅማጥ ያመጣል፤ ስጦታው ሲያልቅ ደግሞ የእናትየው ጡት ደርቋል። ጡት የማያገኝ ሕፃን ካለ ለብቻው ተመርምሮ፣ ምትኩ በግዢ ቀርቦ፣ በኩባያ እየተሰጠ፣ እስከሚያስፈልገው ድረስ አቅርቦቱ ሳይቋረጥ ይያዛል። ዕቃው ቀድሞ መጋዘን ከገባ አያከፋፍሉት፤ ቆልፈው የሥርዓተ ምግብ ዘርፉን ለሚያስተባብረው አካል ያሳውቁ። ለሰጪው በሚጽፉት ደብዳቤ በምትኩ የሚፈልጉትን በቁጥር ይዘርዝሩለት፦ ይህን ያህል የክብደት መለኪያ፣ ይህን ያህል የቁመት ሰሌዳ፣ ለማረጋጊያ ማዕከሉ ይህን ያህል ብርድ ልብስ።