ኢንቨርተሩና የቤቱ ዋይፋይ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሶላር ኢንቨርተርን (የፓነሉን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን መሣሪያ) ከቤት ዋይፋይ ጋር ስለማገናኘት ናቸው። አስቀድሜ ላረጋጋችሁ፤ ዋይፋዩ ቢቋረጥም ፓነሉ ማመንጨቱን፣ ኢንቨርተሩም ሥራውን አይተዉም። የሚቀርባችሁ ስልካችሁ ላይ የምታዩት ቁጥር ነው።

ስልኬ የኢንቨርተሩን ዋይፋይ ያገኘዋል። ስገባ ግን «ኢንተርኔት የለም» ይልና ወዲያው ይቋረጣል። ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ኢንቨርተሩ የሚያሰራጨው ዋይፋይ ከመጀመሪያውም ኢንተርኔት የለውም፤ የተሠራው የቤትዎን ዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል እንዲነግሩት ነው። ስልክዎ ግን ኢንተርኔት ሲያጣ ወደ ሞባይል ዳታ ወይም ወደለመደው ዋይፋይ ይሸሻል። ስለዚህ ሞባይል ዳታውን ያጥፉ፤ ስልኩ እንደተገናኙ መቆየት ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠይቅዎ እሺ ይበሉት።

ከዚያ የአምራቹን መተግበሪያ ይክፈቱ፣ ወይም ብራውዘር ላይ የመሣሪያውን አድራሻ ይጻፉ። አድራሻው እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በአንዳንዶቹ 10.10.100.254 ነው፤ የእርስዎን ከመመሪያው ወይም መሣሪያው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ያገኙታል። ገጹ ሲከፈት የቤትዎን ዋይፋይ ይምረጡ፣ የይለፍ ቃሉን ያስገቡ፣ ያስቀምጡ። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ጠፍቶ ስለሚነሣ ስልክዎ ይቋረጣል። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ «አልሠራም» ብሎ ሁሉን እንደገና ይጀምራል፤ ሥራው አልቆለት ሳለ መልፋቱ ያሳዝነኛል። እባክዎ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡና የመሣሪያውን መብራት ይመልከቱ።

ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቤቴ ዋይፋይ የለም። ስልኬ ግን ያየዋል።

አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች የሚሰሙት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ብቻ ነው። የእርስዎ ራውተር በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ እያሰራጨ ከሆነ ለኢንቨርተሩ እንደሌለ ይቆጠራል። ራውተሩ ውስጥ ገብተው 2.4ን ያብሩ፤ ከተቻለም ለጊዜው የተለየ ስም ይስጡት። እሱም በርቶ ካልታየ ቻናሉን፣ ማለትም ራውተሩ የሚያሰራጭበትን የሞገድ መስመር ቁጥር፣ ይመልከቱ፤ 12 ወይም 13 ላይ ከሆነ አንዳንድ መሣሪያ ስለማያየው ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ይቀይሩት።

ስሙ ታይቶ የይለፍ ቃሉን አልቀበል ካለስ? በመጀመሪያ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን ያጣሩ። ቀጥሎ የራውተሩን የዋይፋይ ጥበቃ ዓይነት ይመልከቱ፤ አዲሱ ደብሊውፒኤ3 (WPA3) ብቻ ከሆነ የቆየ መሣሪያ አይገባም፤ የቀድሞውን ደብሊውፒኤ2ንም (WPA2) እንዲቀበል ያድርጉት።

በየማታው መተግበሪያው «አልተገናኘም» ይለኛል።

ባትሪ የሌለው ኢንቨርተር ኃይል የሚያገኘው ከፓነሉ ስለሆነ ፀሐይ ስትገባ ብዙውን ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ጠዋት ራሱ ከተመለሰ ምንም አይንኩ።

ራውተር ልቀይር ነው። ሁሉን ከመጀመሪያ ልጀምር?

አያስፈልግም። ለአዲሱ ራውተር የአሮጌውን ስምና የይለፍ ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ፣ ይስጡት። ኢንቨርተሩ ለውጡን ሳያውቀው ይገናኛል። ካሜራውና ሌላውም ዕቃ እንዲሁ።

ኢንቨርተሩ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይገናኛል፣ ይቋረጣል።

የዋይፋዩን ጥንካሬ የሚያሳየውን የሲግናል ቁጥር (በዲቢኤም፣ dBm) ይዩ። ከዜሮ በታች ስለሚጻፍ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል፤ −60 ጥሩ ነው፣ ከ−75 በታች መቆራረጥ ይበዛል። ብረትና ኮንክሪት ሞገዱን ክፉኛ ያዳክሙታል፤ የብረት በር ሲዘጋ ብቻ የሚቋረጥበት ቤትም አለ። ራውተሩን ማስጠጋት ካልተቻለ በመካከል ሲግናል ማራዘሚያ ያድርጉ። መሣሪያው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ካለው ግን እኔ ገመዱን እመርጣለሁ፤ አንዴ ተዘርግቶ ያርፋሉ።

ከተገናኘ በኋላ የኢንቨርተሩ ዋይፋይ አሁንም ይታያል። ጎረቤት ሊገባበት ይችላል?

ይችላል፤ ይህን ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል። ከፋብሪካ የሚመጣው የይለፍ ቃል ብዙውን ጊዜ መመሪያው ላይ ታትሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱም ጭራሽ የለውም። የገባ ሰው ቅንብሩን ሊለውጥ፣ መሣሪያው ካልተጠነቀቀም የቤትዎን የይለፍ ቃል ሊያይ ይችላል። ስለዚህ የዋይፋዩንም የቅንብር ገጹንም የይለፍ ቃል ዛሬውኑ ይቀይሩ። ራውተርዎ የእንግዳ ዋይፋይ ካለው ኢንቨርተሩን እዚያ ያስገቡት፤ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከኮምፒውተርዎና ከስልክዎ ግን ተለይቶ ይቀመጣል።