ሲስተርን ጠይቁ፦ ካርቶኑ ተጥሎ የመጣ የፓምፕ ዕቃ

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው ያለሁት። የእህቴ ልጅ 14 አመቱ ነው፣ ታይፕ ዋን ስኳር አለበት፣ ከአሜሪካ መጥቶ እኔ ጋ ሊከርም ነው። ወገቡ ላይ የሚያስራት የሜድትሮኒክ የኢንሱሊን ፓምፕ አለችው። እናቱ ሻንጣው ኪሎ እንዳይበዛ ብላ ካርቶኑን ሁሉ ጥላ ዕቃውን በፌስታል ዘርግፋ ላከችው፣ ልጁን ስጠይቀው ደሞ "እማዬ ናት የምታቀብለኝ" ይላል። አንዱ 6 አንዱ 9 ይላል፣ 60 እና 110 የሚልም አለ፣ ለኔ ሁሉም አንድ ነው። 2018 የሚልም አግኝቻለሁ፣ አመቱ ሳያልቅ መጀመሪያ እሱን እንጨርስ አልኩ፣ ልክ ነኝ?

መልስ፦ አብሽሪ እህት አለም፣ ግን 2018 ያልሽውን አሁኑኑ ለይተሽ አውጪው! እሱ የፈረንጅ 2018 ነው። ለምሳሌ 2018-10-31 ካለ በኛ ጥቅምት 21 ቀን 2011 ላይ አልቋል ማለት ነው፣ ስንት አመቱ! ይሄን ስህተት ብዙ ሰው ይሰራዋል፣ ቁጥሩ ከኛ አመት ጋር ሲገጥም አይን ያታልላል።

ቀኑን የት ታገኚዋለሽ፣ የአሸዋ ሰዓት የምትመስል ምልክት አለች፣ ከጎኗ ያለው የሚያበቃበት ቀን ነው። የፋብሪካ ጣሪያ የምትመስለዋ ደሞ የተመረተበት ናት፣ እንዳታምታቻቸው። አንዳንዱ ላይ ባርኮዱ ስር በቅንፍ 17 ብሎ ቀጥሎ 270831 ይላል፣ 27ኛው ቀን እንዳይመስልሽ፣ አመቱ ነው የሚቀድመው፣ ነሐሴ 25 ቀን 2019 በኛ። ቀኑ ያለፈበትን ወይም ላስቲኩ የተቀደደውን አይጠቀም፣ ንፅህናው እስከዛ ቀን፣ ያውም ሳይከፈት ነው የሚታመነው። ክብ ውስጥ ያለች የተሰረዘች 2 ካየሽ አንዴ ተጠቅሞ መጣል ነው፣ አጥቦ መድገም የለም።

አሁን ዕቃውን ለሁለት ክፈይው። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ የሚመስለው ሬዘርቯር ነው፣ ኢንሱሊኑ የሚሞላበት። እሱ 1.8 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ይላል፣ ኮዱ አር-ኢ-ኤፍ ከሚሉት ሶስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ጎን ነው፣ ኤምኤምቲ 326ኤ ትንሹ፣ 332ኤ ትልቁ። አንድ ሚሊ 100 ዩኒት ስለሆነ ትልቁ 300 ይይዛል። ትልቁ ትንሿ ፓምፕ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ልጁ አሁን ፓምፑ ላይ ከገጠመው ጋር አስተያዪ።

ቱቦ ያለው ክብ ማጣበቂያ ደሞ ኢንፊውዥን ሴት ነው፣ በየሁለት ሶስት ቀኑ የሚቀየረው። 60 እና 110 ያልሽው የቱቦው ርዝመት በሴንቲ ነው፣ እሱ ብዙ አያሳስብም (ረጅሙን ግን በኢንሱሊን ለመሙላት ብዙ ይፈጃል)። ዋናው 6 እና 9 ነው፣ ቆዳ ውስጥ የምትገባዋ የካኑላ ርዝመት በሚሊ ሜትር። ኩዊክ ሴት የሚባለው የኢንፊውዥን ሴት አይነት ከሆነ ኮዱ 399 የሚለው ባለ 6 ነው፣ 397 ባለ 9፣ ሁለቱም ባለ 60 ሴንቲ ቱቦ ናቸው፣ ልዩነታቸው መጨረሻዋ ቁጥር ላይ ናት! ከተተከለ በኋላ ካኑላውን ለመሙላት ባለ 6ቱ 0.3 ዩኒት ባለ 9ኙ 0.5 ዩኒት ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ከፌስታሉ አንዱን አንስቶ መሰካት አይሆንም። የሌላ ካምፓኒ ዕቃ ከገባበት ደሞ ጫፉ አይገጥምለትም፣ በግድ አታስገድዱት።

እኔ ብሆን ዛሬ ማታ ለእናትየው ቪዲዮ እደውልና አንድ በአንድ እያሳየሁ ማርከር ይዤ "6" "9" እያልኩ በትልቁ እፅፍበት ነበር፣ ዕቃውንም ለሁለት ፌስታል እከፍለው ነበር። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ስር ወይም ምድጃ አጠገብ እንዳታስቀምጪው ብቻ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ፋርማሲ ስትገዢ ደፍራሹን ኢንሱሊን ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ ፓምፕ ውስጥ በፍፁም አይገባም፣ የሱ ንፁህ ፈጣኑ ነው። ቱቦው ቢታጠፍ ወይም ዕቃው ቢያልቅ ደሞ ፓምፕ ውስጥ ፈጣኑ እንጂ ረጅም ሰዓት የሚቆይ ኢንሱሊን ስለሌለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊታመም ይችላል፣ ሲሪንጅና በሀኪም የታዘዘ መጠባበቂያ ኢንሱሊን ቤት ይኑር። ካስመለሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሳትዘገዪ ወደ ሆስፒታል።